በጀሶ ላይ የተለሰነ ጀሶ

የበደለችኝ የባሌ ታናሽ እህት ናት። ጊዜው ደቡብ ሱዳን በተገነጠለች በዓመቱ፣ የኸርጡም ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ያን ያህል እንኳ አይገባትም።

የምንኖረው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ እንግሊዞች ለሹሞቻቸው ባሠሩት የጡብ ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት ኦምዱርማን የምትኖር ሃጃ ናት። ባሌ ዘበኛዋ ነበር። እሱ ሲሞት አስጠራችኝና «ቤቱ እስከቆመ ድረስ የኋላው ክፍል ያንቺ ነው፤ ጠብቂልኝ» አለችኝ። ቤቱ በቅርስነት ስለተመዘገበ ማንም አያፈርሰውም። እኔም ሬሳዬ ካልሆነ ከዚህ አይወጣም ብዬ ተቀመጥኩ። የባሌን እህት ከገዳሪፍ አስመጥቼ ከጎኔ ያስተኛኋት እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ከአጥራችን ማዶ ምድር ቤት ያለው ፎቅ ሊሠራ ቁፋሮ ተጀመረ። የእኛ ግድግዳ ሲሚንቶ አያውቅም፤ ጡቡን የያዘው ኖራ ነው። ማሽኑ መሬቱን በመታ ቁጥር መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ነበር። ከቅርስ መሥሪያ ቤት አንድ መሐንዲስ መጣ። ጀሶ በጥብጦ በየስንጥቁ ላይ አግድም ለጠፈና ሳይደርቅ ቀኑን በምስማር ጫረበት።

«ኻልቲ፣ ይሄ ጀሶ ከተሰበረ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው» አለኝ፣ በአረብኛ አክስቴ ብሎ ጠርቶ። «ያኔ ቁፋሮው ይቆማል። ፑንቴሎ አስገብተው ካልደገፉ አይቀጥሉም።»

የግንባታው ካቦ ፊቱን እያጠቆረ ተስማማ። መሐንዲሱ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «እናንተ ሐበሾች ደግሞ በዓል ሲመጣ ኖራ መቀባት ትወዳላችሁ። ዘንድሮ እንዳትነኩት» አለ። እውነቱን ነው፣ ለእንቁጣጣሽ በየዓመቱ እቀባ ነበር። ዘንድሮ አልነካም አልኩት። አልነካሁምም።

የባሌ እህት ከግንባታው በር ላይ ሻይ ትሸጥ ነበር። የመጀመሪያው ጀሶ ሲሰበር ሥራው ቆመ፤ ሠራተኞቹም ተበተኑ። ከሰሏ ለማንም ሳይሆን ነደደ።

«እትዬ፣ ያንቺ ጀሶ ሻይ ይጠጣል?» አለችኝ ማታ።

«ግድግዳው ቢወድቅ የት ልትተኚ ነው?»

«ከእንግሊዝ ጀምሮ የቆመ ግድግዳ እኔ ሻይ ስላፈላሁ ይወድቃል? ሰው ሲያረጅ ግድግዳም ይፈራል ማለት ነው!»

ሳቀች። ስትስቅ ወንድሟን ትመስላለች፤ ያንንም አልወድላትም ነበር።

ፑንቴሎው ገባ፣ መሐንዲሱ የተሰበረውን በአዲስ ተካ፣ ቁፋሮው ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ የተሰበረ ጀሶ አልታየም። መሐንዲሱ በየሳምንቱ መጥቶ በጣቱ ያንኳኳል፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ወደ ታች እንዲወርዱ ይፈርምላቸዋል። ኢድ ሲቃረብ ወደ አገሩ ሄደ።

እሱ በሄደ ሰሞን የክፍሌ በር አልዘጋ አለኝ። ስገፋው ጉበኑ ላይ ይነክሳል። ጀሶውን ባየው ደህና ነው። አላመንኩትም። ማንኪያ አምጥቼ ፋቅሁት። ላዩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ የመሐንዲሱ ጀሶ፣ ምስማር የጫረበት፣ ለሁለት ተከፍሎ ቁጭ ብሏል። ጣቴ ስንጥቁ ውስጥ ገባ።

የባሌ እህት ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት።

«አንቺ ነሽ?»

«እና ሥራው ይቁም? ኢድ እስኪያልፍ ብዬ ነው እትዬ። መሐንዲሱ ሲመጣ እነግረው ነበር።»

«በምን ለሰንሽው?»

«በሻይ ማንኪያ፤ ቀኑ የተጫረበትን ሳልነካ» አለችኝ፣ እንደ ሙያ።

በማግስቱ ቅርስ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ዘበኛው «መሐንዲሱ የለም፤ ከኢድ በኋላ፣ ኢንሻላህ» ብሎ መለሰኝ። ወደ ካቦው ሄድኩ። «ያ ኻልቲ፣ ፊርማው እጄ ላይ ነው። ያላ፣ ከጉድጓዱ ራቂ» አለኝ። የኢድ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። እኔ ግቢው ውስጥ ልብስ ሳነሳ የኋላው ማዕዘን ከነአልጋዬ፣ ከነባሌ ፎቶግራፍ ተገነደሰና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሰው አልሞተም። ሁሉም ይህን እንደ መጽናኛ ይነግረኝ ነበር።

ከኢድ በኋላ መሐንዲሱ ከፍርስራሹ ውስጥ ድርብ ጀሶ አገኘ። ሃጃዋም መጥታ ነበር። «ይህን ማን አደረገ?» ሲል እኔ አፌን ሳልከፍት የባሌ እህት መለሰች። አረብኛዋ ከእኔ የተሻለ ነው።

«እሷ ናታ! በዓል ደረሰ ካሏት ግድግዳ ሳትቀባ አታድርም። ስንቴ ተይ አልኳት።»

መሐንዲሱ «ነግሬሽ አልነበር?» አለኝ። እኔ እሷ ናት፣ በማንኪያ ነው፣ ለሻይዋ ብላ ነው እያልኩ ስምል ስገዘት ማንም አልሰማኝም። ሃጃዋ «ጠብቂ ያልኩሽን አፈረስሽብኝ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። የቀረው ግድግዳ አደገኛ ነው ተብሎ ፈረሰ። እኔ ከከተማው ዳር ማዮ ወርጄ የቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁ። እሷን ካቦው ከሠራተኞቹ መጠለያ አንድ ክፍል ሰጣት፤ በሩ ላይ ሻይዋን ማፍላቷን ቀጠለች።

በዓመቱ ፖሊስ ሻይ ሻጮችን አፈሰ። እሷም ተያዘች። ወረቀት አልነበራትም። አንዲት ልጅ ልካ «ኢቃማሽን ይዘሽ ነይ፤ የባሌ እህት ናት፣ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው ካልሽ ይለቁኛል» አለችኝ። የመኖሪያ ፈቃዴን ይዤ ሄድኩ። ሲሚንቶው ላይ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ተነሳች።

«እትዬ! መምጣትሽን አውቄ ነበር!»

ፖሊሱ «ታውቂያታለሽ?» አለኝ።

«አላውቃትም» አልኩት።

በሎሪ ጭነው ገላባት ድንበር ላይ ጣሏት። አገር ቤት ላሉት ዘመዶቿ አልደወልኩም።