የበረኛው አሥራ ስድስት ገጾች

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ሁሉም «ኮላ» ይሉት ነበር። ጠራዥ ነው። ጣቶቹ ሁልጊዜ ስለሚጣበቁ ሰላምታ የሚሰጠው በክርኑ ነው። ሥራው ለሚያየው ቀላል ይመስላል፦ ከማሽኑ የወጣውን ሰፊ ወረቀት ማጠፍ፣ እጥፎቹን በተራ መደርደር፣ በመርፌና በክር መስፋት፣ ጀርባውን ኮላ መቀባትና ሽፋን ማልበስ። አንዱ እጥፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይይዛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጣ። «በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ እጥፍ ጎድሎበት ከእጄ የወጣ መጽሐፍ የለም» እያለ ይምላል። ውሸቱን ነው፤ አንድ አለ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው እንነሣ። «ሰባቱ የጨው በሮች» የተባለው ታሪክ በሰባት ቅጽ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የታተመው እዚያ ማተሚያ ቤት ነበር። ዘንዶ አለበት፤ ሲናገር አመድ የሚተፋ ንጉሥ አለበት፤ ዙፋኗን ረግጣ ሽፍታ የሆነች ልዕልት አለችበት። ደራሲው አንድ ጦርነት ከጀመረ ሦስት መቶ ገጽ ሳይሞላ አያስታርቅም። ያን ዘመን የሚያስታውስ ሠራተኛ ዛሬም ስለ መጽሐፉ ሲነሣ ፊቱ ይበራል። በምሳ ሰዓት ሁሉም ገና ያልታጠፈውን ወረቀት ዘርግተው ያነቡ ነበር። ችግሩ፣ ባልታጠፈ ወረቀት ላይ ገጾቹ በተራ አይቀመጡም፤ ግማሾቹም ተዘቅዝቀው ነው የሚታተሙት። ሌላው ሰው ታሪኩን ወግ ባለው መንገድ ከመጀመሪያው ሲያነብ፣ እነሱ አንገታቸውን እንደ ዶሮ እያጣመሙ የዘንዶውን ሞት አይተው ወደ ልደቱ ይመለሱ ነበር። ኮላን ግን እንደዚያ የጣፈጠው ንባብ በሕይወቱ አላጋጠመውም።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ከእያንዳንዱ ቅጽ አንድ ቅጂ ይሰጠዋል። ኮላ የእሱን በሰማያዊ ጨርቅ ጠርዞ በቀጥታ የሚወስደው ለታላቅ እህቱ ነበር። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ «እታለም» ይላታል። እታለም በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተኳሽ ነበረች። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ትተኩሳለች፤ አፏ ግን የጨው በሮች ላይ ነው። ትልቁን የውሃ ማፍሊያ በርሜል «ዘንዶው»፣ ቁጡውን አለቃቸውን ደግሞ «የአመድ ንጉሥ» ብላ ሰይማቸው ነበር። አለቅየው መጽሐፉን አላነበበምና ንጉሥ መባሉ ደስ ብሎት ይንጎራደድ ነበር። ሥራ ሲበዛ ተኳሾቹ «እታለም፣ ልዕልቲቱ የት ደረሰች?» ይሏታል፤ እሷ ስታወራ አንሶላው ሳይታወቃቸው ያልቃል። «በሰባተኛው በር!» ካለች ማለች ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ መሐላ አልነበራትም።

ማታ ከራት በፊት ለባሏ ጮክ ብላ ታነብለታለች። ባሏ የመጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ጉልበቱን የሚያመው፣ ወሬ የሚወድ ሰው። ጀግኖቹ ብዙም አልጣሙትም።

«ሲፎክሩ ይውላሉ» ይላል። «በሩን ማነው የሚከፍትላቸው?»

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የወደደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የግንቡን በረኛ። ሽማግሌ ነው፤ ቁልፎቹን በወገቡ ታጥቆ ንጉሡንም ሽፍታውንም እኩል ይነዘንዛል። የእሱ ምዕራፍ ሲደርስ ዘበኛው ወንበሩን ይጠጋል፤ «ይኼ የእኔ ቢጤ ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው» ይላል። ኮላም አንዳንድ ቀን ጎራ ብሎ ጥግ ይዞ ይሰማ ነበር። እንደዚያች ክፍል ደስ ያለው ቦታ አያውቅም። አንዲት አምፖል፣ ሁለት ወንበርና አንድ አልጋ፤ በቃ።

ስድስተኛው ቅጽ ሁለት ዓመት ያህል ዘገየ። ማሽን ላይ በወጣበት ወር ዘበኛው ታመመ፤ ሦስት ሳምንት አልቆየም። እታለም አላለቀሰችም። ቀባሪውን ሸኘች፣ ዕቃውን አጠበች፣ በሳምንቷ ካውያዋ ጋ ተመለሰች። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ናት» አላት። ወንድሟ ግን ድንጋይ የሆነ ፊቷን ባየ ቁጥር ይጨንቀው ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ስድስተኛው መቼ ይደርሳል? በረኛውን ላየው እፈልጋለሁ።»

ኮላ በዚያው ሳምንት ሃያ አንደኛውን እጥፍ ሲያጥፍ ዐይኑ መስመር ላይ ወደቀና ቆመ። በረኛው ይሞታል። ያውም እንዲህ እንደዋዛ አይደለም፤ አሥራ ስድስቱን ገጽ ሙሉ፣ ቁልፎቹን እንደጨበጠ፣ በሩን ተደግፎ። ኮላ ወረቀቱን ይዞ የኮላ ጣሳ ላይ ቁጭ አለ። ይኼን በገዛ እጁ ሰፍቶ ሊሰጣት ነው? የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን መጽሐፉን ይደብቅ ነበር፤ ወይም አስቀድሞ ይነግራት ነበር። እሱ ጠራዥ ነውና ጠራዥ ብቻ የሚያስበውን አሰበ። ሃያ አንደኛውን እጥፍ ሊያወጣው ወሰነ። ታዲያ ሃያኛው የሚያልቀው «በረኛውም ቀና ብሎ» በሚል ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው። ሃያ ሁለተኛው የሚጀምረው «ሲነጋ በሩ ላይ ማንም አልነበረም» ብሎ ነው። መካከሉ ላይ የሚያገናኝ አንድ ገጽ ያስፈልጋል። ጽፎ የማያውቀው ሰው አራት ቀን ምሳውን ትቶ አንድ ገጽ ጻፈ። ከዚያ የማተሚያውን የብረት ፊደል ወደሚደረድረው፣ ወደ ፊደል ለቃሚው ጓደኛው ሄደ። ለቃሚው አነበበና በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየው።

«ሰው ለእህቱ መድኃኒት ይገዛል፤ አንተ ደራሲ ታርማለህ?»

«ልቀምልኝ በቃ። አንድ ቅጂ ብቻ።»

«የገጹን ቁጥር ምን ልታደርገው ነው?»

«እቆርጠዋለሁ።»

እንዳለውም የመጽሐፉን ግርጌ በመቁረጫው ከቁጥሩ በላይ ቆረጠው። የእታለም ስድስተኛ ቅጽ ከወንድሞቹ በአንድ ጣት አጥሮ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ለምን አጠረ ስትለው «ማሽን በላው» አላት፤ አመነችው። ለምን አታምነውም? ያሳደገችው ልጅ ነው።

በሁለተኛው እሑድ ደጁን እያንኳኳች መጣች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ደም ነበረ።

«ሄደ!» አለች ገና ሳትቀመጥ። «በረኛው አገሩ ገባ! ሰምተሃል? ማንም ሳይነካው!»

ያችን ገጽ በቃሏ ያዘቻት። ካውያዋን ስትገፋ ትላታለች፣ ተራ ስትጠብቅ ታነበንባታለች። ሰባተኛው ቅጽ ሲመጣ ኮላ ነፍሱ ልትወጣ ነበር፤ ግን የሞተ ሰው ስሙ ብዙ አይነሣም። አንድ ቦታ ላይ «በረኛው የለም» ይላል፤ እውነት ነው፣ አገሩ ገብቷል። ሌላ ቦታ ላይ ልዕልቲቱ እሱን አስባ ታለቅሳለች። እታለም «ናፍቆት ነው» ብላ አለፈችው። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር ደስም ይለው ነበር። ሰባት ቅጽ ከጻፈው ደራሲ ይልቅ እህቱ በቃሏ የያዘችው የእሱን ገጽ ነውና በልቡ ይኩራራ ነበር። ይኼን ግን ለለቃሚውም አልነገረውም።

ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ፣ ለቃሚው ሞተ፣ ኮላ ቤቱ ውስጥ የሰው አሮጌ መጽሐፍ የሚጠግንባት አንዲት ጠረጴዛ ቀረችው። ከዚያ «ሰባቱ የጨው በሮች» እንደገና ታተመ። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ቀልጠፍ ያለች ልጅ፣ የድሮ አንባቢዎች ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው የወደዱትን ቦታ እንዲያነቡ ማስታወቂያ ለጠፈች። እታለም ስሟን ያስመዘገበችው በዚያው ቀን ነው።

ማክሰኞ ዕለት ኮላ ሊነግራት ቆርጦ ሄደ። እሷ መስተዋቱ ፊት ቆማ ገጿን ታጠናለች።

«እታለም፣ አንድ ነገር…»

«ቆይ፣ ሳልረሳው ስማኝ» አለችና ከመጀመሪያው ጀመረች። በየመሐሉ እጇን እንደ መምህር ታነሣለች። ስትጨርስ «እንዴት ነው?» አለችው። «ቆንጆ ነው» አላት። አየህ ይኼን ፈሪ! በእርግጥ ያን ፊቷን ያየ ሁሉ ምን ሊል ይችል እንደነበር እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በክብ ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። እታለም ተራዋ ሲደርስ መጽሐፍ ሳትይዝ ተነሣች።

«ቁልፎቹን ከወገቡ ፈታና በድንጋዩ ላይ አኖራቸው። ‹ሰባቱም በሮች ተቆልፈዋል› አለ። ‹ከእንግዲህ የሚያንኳኳ ቢኖር ሌላ ሰው ይክፈትለት። እኔ ጉልበቴን አሞኛል፤ አገሬም ሩቅ ነው።› ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። መንገዱም አወቀው።»

ማንም አላጨበጨበም። ተያዩ። አንዱ ጎረምሳ ሳቁን አፈነ። የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ ቀስ ብላ፦

«እማማ፣ በጣም ያምራል። ግን… በረኛው እኮ እዚያው በሩ ላይ ነው የሞተው።»

«የት?» አለች እታለም። «አሳዪኝ።»

አዲሱን መጽሐፍ ገልጣ ሰጠቻት። እታለም መነጽሯን አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቃት፣ ሁለት ገጽ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ከሃያው ሰው መሐል ወንድሟን ብቻ አየች። ኮላ ዐይኑን ጫማው ላይ ተከለ። መልሱን አገኘች።

አብረው ወጡ። ደጇ ሲደርሱ ብቻ ቆመች።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«አንተ?»

«እኔ፣ እታለም። ያን ጊዜ ትሰበሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

በሩን ዘጋችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩንም አላነሣችም። ኮላ ሚስት አላገባ፣ ልጅ የለው፤ በዓለም ላይ ያለችው ሰው እሷ ናት። አንዱን መዝገበ ቃላት ሦስት ጊዜ ሰፍቶ ሦስት ጊዜ ፈታው። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እንደተቀየመችው ብትሞትስ?

በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት፣ ሳታንኳኳ ገባች። አጭሩን ሰማያዊ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዐይኖቿ አብጠዋል።

«ከአዲሱ መጽሐፍ አንብቤ ጨረስኩት፤ አሥራ ስድስቱንም ገጽ» አለች። «ሳለቅስ ነው የከረምኩት። ለበረኛው መስሎህ?»

ኮላ የሚሰፋውን መዝገበ ቃላት ወደ ጎን ገፋ።

«ባሌ ሲሞት አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ‹ጠንካራ ናት› ሲሉኝ፣ ‹ለካ አልወደውም ነበር› እያልኩ ነበር ለራሴ። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ስል ኖርኩ። ያን ጊዜ ብትሰጠኝ ኖሮ ያን ጊዜ አለቅስ ነበር። ማን ጻፍልኝ አለህ? ማን ቁረጥልኝ አለህ?»

«ማንም» አለ። «አጥፍቻለሁ፣ እታለም።» ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆነ።

«ያወጣኸውን ጥለኸዋል?»

«ጠራዥ እጥፍ አይጥልም።»

ከመሳቢያው ሥር ከቆዳ ቁርጥራጮች መካከል አወጣው። ዳር ዳሩ ወይቧል እንጂ አንድ ፊደል አልጠፋውም። እታለም በመዳፏ ዳበሰችው፤ አንሶላ እንደምትዘረጋ።

«ስፋልኝ» አለች።

መጽሐፉን በስለት ቀስ ብሎ ፈታ። የራሱን ገጽ ነቀለና ወደ ቆሻሻው ቅርጫት እጁን ሲዘረጋ ያዘችው።

«ማን ጣል አለህ?»

«ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም እኮ። አንዱ ላይ ይሞታል፣ አንዱ ላይ አገሩ ይገባል። የቱን ላስቀድም?»

እታለም ገጹን ከእጁ ወስዳ ትንሽ አሰበች። ከዚያ አሥራ ስድስቱ ገጾች መጨረሻ ላይ አደረገችው።

«መጀመሪያ ይሙት» አለች። «ከዚያ ይሂድ።»

ኮላ ክሩን በመርፌው ሊያስገባ ሞከረ፤ ዐይኑ አልታዘዝ አለው። እሷ ተቀበለችውና አስገብታ ሰጠችው።