ውሃ የማይሰጠው ዛፍ

ከስድስተኛ ክፍል ደብተሬ በቀር ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ይህንን የጻፍኩት ለማንም አፌን ሞልቼ መናገር ስላቃተኝ ነው።

ሳቢያን ሰፈር በምሠራበት ቤት ግቢ፣ በበጋ ቅጠሉን ሁሉ የሚያራግፍ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ የአበባ ዛፍ አለ። ዛሬ ጠዋት አሠሪዬ "ይሄ ደርቆ የለም እንዴ? ውሃ አጠጪው እንጂ" አለችኝ።

ልጅ ሆኜ መጋላ ሰፈር ጎረቤታችን የነበረችው፣ እንደ እናት "አዴ" የምንላት ፋጡማ እንዲህ ያለ ዛፍ በዘይት ቆርቆሮ ተክላ ነበር። ቅርንጫፉን ከመሄዷ በፊት ያመጣችላት፣ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋው ልጇ ናት። ከልጇ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። አዴ ሆስፒታል ስትገባ ቆርቆሮውን ለእኔ አደራ ሰጠችኝ።

"አሁን ተኝቷል። ቅጠል እስኪያወጣ ጠብታ ውሃ እንዳትሰጪው፣ ይበሰብሳል። ሰማሽ አቦ?"

ግራጫው ግንድ ሲሸበሸብ ሳይ ግን የተጠማ መሰለኝ። አሳዘነኝና በየቀኑ አንድ አንድ ጣሳ አፈሰስኩለት።

አዴ ስትመለስ ግንዱን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷ ሰመጠ፤ የበሰበሰ ድንች የመሰለ ሽታ ወጣ።

"አጠጣሽው?"

"አላጠጣሁም" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

በነጋታው ወንድሟ ሐረር ወሰዳት፤ እዚያው ሞተች።

ዛሬም አሠሪዬን እምቢ ማለት ፈርቼ አንድ ባልዲ ውሃ ዛፉ ሥር ገለበጥኩ።

አዴ ያኔ "አላጠጣሁም" ባልኳት ዕለት ራሴን እየዳበሰች የመጨረሻ ቃሏን እንዲህ አለችኝ፦ "አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አንቺ አታጠጪውም። ከመሄዴ በፊት እኔው ነኝ ውሃ ያበዛሁበት።"