በአመድ የተሰመረ ልብ

ጤና ጣቢያችን ጠዋት ሲከፈት የጽዳት ሠራተኛዋ ግቢውን ከመጥረጓ በፊት ውኃ ታርከፈክፍበታለች። የሰቆጣ አፈር ደረቅ ነው፤ ውኃው ሲያርፍበት መጀመሪያ ዝም ብሎ ይጠጣል፣ ቆይቶ ሽታው ይነሣል። ሌላው ሰው የዝናብ ሽታ ነው ይላል። እኔ ግን ጓንትና ፋሻ እያዘጋጀሁ ያ ሽታ በመስኮት ሲገባ የማስበው የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜን ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት እዚሁ ሰቆጣ ነው። ቤተሰቦቼ የደጋው የጋዝጊብላ ገበሬዎች ናቸው፤ በእኛ መንደር ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ያበቃ ነበር። አባቴ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየልኝ፤ ኪራዩ እንዲቀልም ከማላውቃት ልጅ ጋር አኖረኝ። ልጅቱ የመጣችው ከአበርገሌ ነው፤ ከኒሯቅ ከተማም አልፎ ወደ ተከዜ ከሚወርደው ቆላ። ሰቆጣ ለእኔ ሲሞቀኝ ለእሷ ይበርዳት ነበር። እኔ መስኮቱን ስከፍት እሷ ነጠላዋን ትደርባለች። ያገናኘን ሁለታችንም አፋችንን የፈታንበት ኽምጣና ነበር።

ታች ክፍል በኽምጣና፣ ከዚያ በአማርኛ ተምረን ነው የመጣነው። ዘጠነኛ ስንገባ ግን ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀን። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም። መምህሩ ሰሌዳውን ይሞላዋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞላል። የምንጽፈውን አናውቀውም ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጠመኔው ድምፅና የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንጣጣ ብቻ ነበር።

አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ቤታችን ውስጥ ተጫዋች ነበረች። የአጎቷን አካሄድ፣ የባልቴቷን ቁጣ፣ የፍየል ግልገል ጩኸት ታስመስልና ሆዴን እስኪያመኝ ታስቀኛለች። ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መምህር ጥያቄ ጠይቋት በአማርኛ ልትመልስ ስትሞክር የከተማ ልጆች በአነጋገሯ ሳቁባት። አንድ ረጅም ልጅ ቃሏን ደግሞ ደጋግሞ አስመሰለባት። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ አፏን ከፍታ አታውቅም ነበር።

አንድ እሑድ ልብስ እያጠብን ሳለ፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ እንዲህ አለችኝ።

«እኔ ደደብ አይደለሁም። አገሬ ሳለሁ የጠፋ ፍየል ፈልጊ የምባለው እኔ ነኝ። ሰው ሲጣላ የሆነውን እንደሆነው የምናገረው እኔ ነኝ። እዚያ ክፍል ስገባ ግን ደደብ እሆናለሁ።»

«ሁላችንም አንሰማውም እኮ» አልኳት።

«አንቺ ትለምጅዋለሽ። እኔ አልለምደውም። ለአባቴ በገበያተኛ ልኬበታለሁ፤ አህያ ይዞ ይመጣና ዕቃዬን ይወስዳል።»

የተጨመቀውን ልብስ ተቀብዬ አጥሩ ላይ ማስጣት ጀመርኩ።

አዲሷ የባዮሎጂ መምህራችን የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ከደሴ በኩል ናት ተባለ። ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይጮኽ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰማያዊ ሹራብ የምትለብስ ሴት ነበረች። ያኔ ትልቅ ሰው ትመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ከአሁኑ ዕድሜዬ ብዙም አትበልጥም። በመጀመሪያ ቀኗ ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈችም። ዴስኮቹን ፊት ለፊት አዙሩ አለችን። የዘይት ካርቶን ቀድዳ የተጀመሩና ያላለቁ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ጽፋበት ግድግዳው ላይ ሰቀለች፤ «እኔ … ነኝ»፣ «ከ… መጣሁ»፣ «ወደ … እሄዳለሁ» የሚሉ። የጎደለውን የምንሞላው እኛ ነበርን።

«መጀመሪያ በፈለጋችሁት ቋንቋ ተነጋገሩበት» አለችን በአማርኛ። «በቤታችሁ ቋንቋ አስቡት። ስትጨርሱ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይዛችሁ ትመጣላችሁ።»

ክፍላችን ድምፅ አወጣ። ኽምጣናው፣ አማርኛው፣ ከእኛው ዝቋላ ወረዳ የመጡት ልጆች የሚቀላቅሉት ትግርኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሣ። ጎረቤት ክፍል የሚያስተምረው መምህር መጥቶ በራችንን አንኳኳ። በሳምንቱ የጩኸቱ ክስ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከእረፍት በኋላ ስንገባ መምህራችን ክፍሉ ውስጥ የለችም፤ ግቢው ላይ ጎንበስ ብላ ውኃ ታርከፈክፋለች። አቧራው ሲረጋላት ከሻይ ቤቱ ያመጣችውን አመድ በጣሳ እየዘገነች አንድ ትልቅ ልብ አሰመረች፤ አራት ክፍል ያለው። ከላይ ሳንባ፣ ከታች ወደ እግር የሚወርድ መንገድ። የእርጥብ አፈርና የአመድ ሽታ አንድ ላይ ይሸት ነበር። ግማሾቹ ደም ሆኑ። ሳንባ ለሆኑት ቀይ የጠርሙስ ክዳን፣ እግር ለሆኑት ሰማያዊ ሰጠች። ደም የሆነ ሰው ከሳንባ ቀዩን ተቀብሎ፣ በልብ አልፎ፣ ወርዶ ለእግር ያስረክባል፤ በምትኩ ሰማያዊውን ይዞ ይመለሳል። በየበሩ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ካልተናገረ አያልፍም።

ጓደኛዬን ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው በሚያስገባው በር ላይ አቆመቻት። «አንቺ ቫልቭ ነሽ» አለቻት።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞራ በኽምጣና «ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?» አለች። እኔም አላወቅሁም። መምህራችን ኽምጣና አትሰማም፤ ግን አላቋረጠችንም። እጆቿን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች፣ ዘጋች። ጓደኛዬ ብዙ አየቻት።

«ይሄማ የጉረኖ በር ነው» አለችኝ። «ፍየሎቹ ሲገቡ ትከፍቺዋለሽ። ካለፉ በኋላ እንዳይመለሱ ትዘጊዋለሽ።»

ያለችውን ለመምህራችን በአማርኛ ነገርኳት። መምህራችን «ልክ ነው፤ እንደሱ ነው» አለችና ለበሩ የሚሆን ዐረፍተ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። ጓደኛዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለብቻዋ ተለማመደችው።

ርዕሰ መምህሩ የመጣው ገና መሄድ ስንጀምር ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«መምህርት፣ ይሄ ትምህርት ነው ጨዋታ?»

«ትምህርት ነው። እባክዎ ቆመው ይዩት። ካላሳመነዎ ከዛሬ ወዲያ አላደርገውም።»

እኔ ሳንባ ስለሆንኩ የቆምኩት አጥሩ ጥግ ነበር። ዘወር ስል አጠገቤ አንድ ትልቅ ሰው አየሁ፤ ጋቢያቸው በአቧራ የቀላ፣ ዱላቸውን የተደገፉ። ውጭ አህያ ታስሯል። የጓደኛዬ አባት ነበሩ። ዕቃዋን ሊወስዱ መጥተው ነው።

ደሙ መዞር ጀመረ። አንዱ ይሳሳታል፣ ሌላው ያርመዋል፣ ቀይ ክዳን መሬት ይወድቃል። ያ ያኔ የሳቀባት ረጅም ልጅ ከላይኛው ክፍል ደርሶ፣ ተናግሮ፣ በጓደኛዬ በር አለፈ። ወዲያው ክዳኑን እንዳልተቀበለ ትዝ አለውና ዞረ። ጓደኛዬ ሁለት እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ቆመችበት።

«ኖ። ዩ ካኖት ጎ ባክ» አለችው።

«ክዳኔን ረስቼ ነው እኮ» አላት በአማርኛ።

«ኢን ኢንግሊሽ» አለችው፣ እጇን ሳታጥፍ።

ተማሪው በሙሉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። የእሷም፣ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሰው ፊት ጥርሷ ታየ።

አባቷ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ምን እያለችው ነው?»

«ተመልሰህ መሄድ አትችልም እያለችው ነው።»

«ለምን አይመለስም?»

«ደም ነው፤ ደም በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሄድ። በሩ ላይ የቆመችው እሷ ናት።»

የገዛ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ጅማታቸውን። «ውስጣችን እንዲህ ነው?» አሉኝ። እንዲህ ነው አልኳቸው።

ርዕሰ መምህሩ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አልሄደም። ሲሄድ አመዱን እንዳይረግጥ በዳር ዞሮ ወደ መምህራችን ተጠጋ። «ከእንግዲህ ከመማሪያ ክፍሎቹ ራቅ ብላችሁ፣ ከኳስ ሜዳው በኩል አድርጉት» አላት። መምህራችን ጣሳውን አንሥታ ባዶ መሆኑን እያወቀች ውስጡን ታየው ነበር።

ጓደኛዬ አባቷን ያየችው ያኔ ነው። ሮጣ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አህያውን ይዤ መጥቻለሁ» አሏት። «ዕቃሽን ላውጣ?»

እግሯ ላይ ያለውን አመድ አየች። «ይቆይ፣ አባባ» አለች።

«ለምን?» አላሏትም። አህያው ባዶውን እንዳይሄድ ገበያ ወርደው ጨው ጭነው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ አጭር ነበር፤ ግን ደስ የሚል ነበር። ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ መናገር ጀመረች። ትሳሳታለች፣ ትስቃለች፣ ደግማ ትናገራለች። ማታ ማታ ቤታችን ግድግዳው ላይ በከሰል እየሣለች እኔን ታስጠናኛለች፤ ባልቴቷ ግድግዳዬን አጠቆራችሁት እያሉ ይቆጡናል። መምህር እሆናለሁ ትል ነበር። ቆላ ወርጄ በኽምጣና አስረድቼ በእንግሊዝኛ አስተምራለሁ ትለኛለች፤ እኔም እንደምታደርገው አልተጠራጠርኩም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ተበተነ። መምህራችን በተገኘው መኪና ሄደች፤ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም። ጓደኛዬ ከአገሯ ሰዎች ጋር በእግር ወረደች። የተለያየነው ባልቴቷ በር ላይ ነው። ችኮላ ስለነበር በደንብ አልተቃቀፍንም፤ የአንድ ሰሞን ነገር ነው ብለን ነበር።

ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት ዴስኮቹ አልነበሩም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጀመርን። በገበያ ቀን ከአበርገሌ የሚወጡትን ሰዎች እየጠየቅሁ ጠበቅኋት። አንዱ አይቻታለሁ ይላል፣ ሌላው ወደ ተከዜ ማዶ ተሻግረዋል ይላል። እኔ ጨረስኩ፣ ነርስነት ተማርኩ፣ እዚሁ ተመደብኩ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ እግራቸው ቆስሎ መጡ። ስማቸውን ስሰማ የጓደኛዬ አባት መሆናቸውን አወቅሁ። እሳቸው አላወቁኝም ነበር፤ በኽምጣና ሳናግራቸው ቀና ብለው አዩኝ፣ አወቁኝም።

ስለ እሷ ቀድሜ መጠየቅ አልቻልኩም። ቁስሉን እያጠብኩ ሳለ ራሳቸው ነገሩኝ። ከጦርነቱ ሸሽተው በገቡበት መጠለያ ሳሉ ወባ ያዛት፤ መድኃኒት አልተገኘም፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። ብዙ ጊዜ የተናገሩት ነገር መሆኑ ያስታውቅ ነበር። እኔ ከቁስሉ ላይ ዐይኔን አላነሣሁም።

«ሳትታመም በፊት የመጠለያውን ልጆች ትሰበስባቸው ነበር» አሉኝ። «መሬት ላይ ትሥልላቸዋለች። ውኃ ከወንዝ እንዴት ወደ ሰማይ እንደሚወጣ፣ እንዴት ተመልሶ እንደሚዘንብ። አንዱን ፀሐይ፣ አንዱን ወንዝ ታደርጋለች። አንድ ቀን ሰው ጎደለባትና እኔን ጠራችኝ።»

«እርስዎን ምን አደረገችዎ?»

«ደመና» አሉ። «ጋቢዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ ቆምኩ። ልጆቹ በሥሩ ይሯሯጣሉ። እኩዮቼ ሁሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ አልኩ።»

ፋሻውን ጠቅልዬ ጨረስኩ። እሳቸው ግን አልተነሡም። ዱላቸውን ይዘው ወለሉን እያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ፣ «አይ አም ኤ ክላውድ» አሉ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።