ሐምሌ ማርያም በፍርስራሹ ግንብ ላይ

ደብዳቤው የመጣው በእኔ ስም ነበር። ያን ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ አምስተርዳም ኒው ዌስት ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖር ነበር። ከጎንደር ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው ስላልነበረኝ ተገርሜ ከፈትኩት። የጻፈችው የጓደኛዬ እህት ናት። እናታቸው በሰኔ ሚካኤል ዕለት ማረፋቸውን ከጻፈች በኋላ፣ ወንድሟ ብቻውን ሆኖ እንዳያነብበው ብላ ለእኔ መላኳን ትናገርና በወጉ እንድናረዳው አደራ ትላለች። ደብዳቤው መንገድ ላይ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቷል።

ጓደኛዬ የሚኖረው ሮተርዳም አጠገብ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ ሲያጥብና ሲያለብስ የሚውል ሰው ነው። ጎንደሬ ነው፤ ጎንደሬነቱን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ያደገው ከነገሥታቱ ግንብ አጥር ሥር ነው። ሆላንዶቹ አገራችሁ ቤት አለ ወይ ሲሉት አይቆጣም፤ ከኪስ ቦርሳው የግንቡን ፎቶ አውጥቶ ያሳያቸውና «የእናንተ ንጉሥ ያን ጊዜ የት ይኖር ነበር?» ይላቸዋል።

እናቱ በሰው እያጻፉ ይልኩለት ከነበሩት ደብዳቤዎች በአንዱ፣ ያለህበት አገር ተራራ የለውም ይሉኛል፣ ታዲያ ዐይንህ ምን ላይ ያርፋል፣ ግንብስ አለው ወይ ብለው ጠይቀውት ነበር። ይቺ ጥያቄ ዕረፍት ነሳችው። ሆላንድ ግንብ አላጣችም፤ ውሃ መሐል የተቀመጠ ግንብ ግን ለእሱ ግንብ አይደለም። በኋላ መጦሪያው ውስጥ ያለች አንዲት አሮጊት የአውቶቡስ ጉዞ ማስታወቂያ ሰጠችው። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ያሉ ግንቦችንና ፍርስራሾችን ማየት ነው። ሆላንድ በገባ በስድስት ዓመቱ፣ እነሱ ፋካንሲ የሚሉትን የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ። ዓላማው አንድ ብቻ ነበር፤ ተራራ ላይ ባለ ግንብ ፊት ፎቶ ተነሥቶ ለእናቱ መላክ። ካሜራ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ እኔንም አስመዘገበኝ። ደብዳቤው እጄ ሲገባ ለጉዞው ሁለት ሳምንት አይሞላም ነበር።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶም አይነግርም። በማለዳ፣ ሰውዬው ሥራ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ተይዞ ነው የሚኬደው። ስለዚህ ባቡር ተሳፍሬ ዴን ሃግ ከተማ ወረድኩ። እዚያ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ብዙ ዓመት የሠሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚሻል ሰው ናቸው። ሰው ሲጣላም ሆነ ሲሞት እሳቸው ዘንድ ነው የሚኬደው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ በሚመጣው እሑድ እናርዳው አልኩ። እሳቸው ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝ።

«እስኪ ተወው» አሉኝ። «ስድስት ዓመት የሰው ገላ ሲያጥብ ኖሮ አንዲት ሳምንት ደስ ቢለው ምን አለበት? የሞተ አይመለስ። ሲመጣ እናረዳዋለን። አንተ ግን ከጎኑ አትለይ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ።»

እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገርና ቀለለኝ። መርዶ ነጋሪ መሆን የሚወድ ማን አለ? ሁለታችንም ቀን አልቆጠርንም። እኔ የማውቀው ቀን የምሠራበት ሆቴል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የሥራ ተራ ወረቀት ነበር።

አውቶቡሱ ከእኛ በቀር ጡረተኛ ሆላንዳዊ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ቴሌቪዥኑ የአገራችንን ረሃብ ሲያሳይ ስለከረመ፣ አሮጊቶቹ ከኋላ ወንበር ዳቦ በቺዝ እያቀበሉ ሊገድሉን ነበር። ጓደኛዬ ከሁሉም እየተቀበለ ያመሰግናል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ለነዚህ ራሳችን ፈልገን የምንጾም ሰዎች ነን ብትላቸው ያምኑሃል?» ይለኛል። ጀርመንን አቋርጠን እስክንጨርስ ድረስ ስለ እናቱ አወራ። እንግዳ ሲመጣባት የእሱን ድርሻ እንዴት እንደምትሸሽግለት፣ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ፎቶው ሲደርሳት ለጎረቤት ሁሉ እንደምታዞረው። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። መስኮቱ አጠገብ በመቀመጤ ፊቴን የማዞርበት አላጣሁም።

በመጀመሪያ ያየነው ግንብ ጣሪያውም ወለሉም ደህና ነበር። ጫማችን ላይ የጨርቅ ነጠላ ጫማ አስጠልቀውን እየተንሸራተትን ዞርን። ጓደኛዬ አልጋውንና የእራት ጠረጴዛውን አይቶ ተከፋ፤ ይሄ ቤት እንጂ ግንብ አይደለም አለ። ፎቶም አልተነሣም። የፈለገውን ያገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ከአንድ ወንዝ በላይ፣ የወይን እርሻው ሲያልቅ የሚጀምር ራቁቱን የቆመ አለት አለ፤ አናቱ ላይ ፍርስራሹ ይታያል፤ ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ ነው። ጡረተኞቹ አቀበቱን አይተው ግርጌ ካለው ቡና ቤት ቀሩ። ሁለታችን ብቻ ወጣን።

ጣሪያ የለውም። አዳራሽ የነበረው ቦታ ዛፍ በቅሎበታል፣ በመስኮቶቹ ወፎች ይወጡና ይገባሉ። ጓደኛዬ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ በጥፍሩ ከድንጋዮቹ መሐል ፋቀ፣ ጣቱን አየና «ኖራ ነው» አለ። «የእኛው ኖራ።» እንዲህ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ከዝቅተኛው ግድግዳ ላይ ወጥቶ ቆመና እጆቹን ዘረጋ። ካሜራውን ሳነሣ ግን ፊቱ ኮስተር አለ፤ እኛ ለፎቶ ስንቆም ሁላችንም መታወቂያ የምናወጣ ይመስለናል።

«ሳቅ በል እንጂ» አልኩት። «እናትህ ናቸው የሚያዩት።»

ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ። አነሣሁት።

ከዚያ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ። ከታች፣ ከከተማው፣ ደወል ይሰማል። እሱ እንደ እኔ አይደለም፤ ወሩን በቅዱሳኑ ነው የሚቆጥረው። «ዛሬ እኮ ሐምሌ ማርያም ናት» አለኝ። «የእማዬ ማኅበር ነው። ይሄኔ ቤታችን ሰው ሞልቶበታል።»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በጣቶቼ ቆጠርኩ። ከሰኔ ሚካኤል እስከ ወሩ መጨረሻ አሥራ ዘጠኝ፤ ከሐምሌ ሃያ አንድ። አርባ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ቆጠርኩ፤ አርባ ነው። በእርግጥም ቤታቸው ሰው ሞልቶበታል። ካህናቱ አሉ፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ተዝካሩ እየተበላ ነው። ልጃቸው ከዓለም ማዶ ግድግዳ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ያሳቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አገር ቤት መሄድ እንደማይችል አውቃለሁ። ግን ቢያውቅ ኖሮ ከል ይለብስ ነበር፤ ዳቦ አስጋግሮ፣ ከጀርመን ቄስ አስመጥቶ፣ ሆላንዶች በሚያውሱን ቤተ ክርስቲያን ያስፈታት ነበር። ይህን ነጠቅነው። አሁን ልንገረው? ሽማግሌ የለ፣ የሚይዘው ሰው የለ፤ ከእግራችን ሥር ገደል ነው። ዝም ልበል? ቀኑ እየሄደ ነው፣ ነገ አርባ አይሆንም። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «ውሃ ትጠጣለህ?» የሚል ነበር። ጠጣ።

ግርጌው ስንደርስ የዚያኑ ፍርስራሽ ሥዕል ያለበት ፖስት ካርድ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ቦታ አስተርፎ ብዕሩን ለእኔ ሰጠኝ። ሁሌ ስለምትጠይቅህ አንተም ሰላም በላት አለኝ። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። እንዴት ሰነበቱ ብዬ እጽፋለሁ? ጤና ይስጥልኝ ልበል? ውሸት ያልሆነ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ «እማማ፣ ልጅዎ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። አንብቦ ሳቀብኝ፣ ቀለም ቆጠብክ አለኝ። ቴምብሩን በምላሱ አርሶ ለጠፈና ቢጫው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተተው። እኔ ቆሜ አየሁ።

ከተመለስን በኋላ በመጀመሪያው እሑድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሰባት ሆነን በሩ ላይ ቆምን። ከፈተልን። ጋሼን ከፊት ሲያይ ማንም ሳይናገር ገባው። «እማዬ ናት» አለና እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠ። ለቅሶው ፎቁን ሲያናውጠው ከላይ የምትኖር ሆላንዳዊት በሌሊት ልብሷ ወርዳ ሐኪም ልጥራ ወይ አለች። ማን አስረድቷት እንደሆነ እንጃ፣ ኋላ ሳያት ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ታለቅሳለች።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሼ በሰኔ ሚካኤል አሉት። ጉልበቱ ላይ ያረፉት ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። የት እንደሚደርሱ አውቃለሁ፤ ላቆማቸው ግን አልችልም።

«አርባዋ ሐምሌ ማርያም ነበር» አለ።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጉልበቱ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። እሱ ፈጥኖ ትከሻቸውን ያዛቸው፤ ተው ጋሼ፣ ለእኔ ብለው ነው አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሳቅ ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

ማረፋቸውን አውቅ ነበር፣ አርባቸው መሆኑን ግን ካነሣሁህ በኋላ ነው የቆጠርኩት አልኩት። ይህን ስናገር ለራሴም ጆሮ አስጠላኝ። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

ሰማንያቸውን አብረን አወጣን። ዳቦውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ጓደኝነታችንም አልተቋረጠም፤ ሆላንድ ውስጥ ያኔ ስንት ነበርንና እንጣላለን? ፎቶውን ግን አሳጥቤ ደብቄው ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ ራሱ ጠየቀኝ፣ ይዤለት ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ብዙ አየው። ይቀደዋል ብዬ ጠበቅኩ፣ እንዲቀደውም ተመኘሁ። አልቀደደውም። ገልብጦ ጀርባው ላይ «የእማዬ አርባ» ብሎ ጻፈበትና መልሶ ዘረጋልኝ።

«አንተ ያዘው» አለኝ።

እስከ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው።