ትንሹ ማንኪያ

የልጅ ልጄ ለሚያስለው ሕፃኗ ሽሮፕ ስትቀዳ፣ ከጠርሙሱ ጋር የመጣችውን ትንሽዬ የላስቲክ ስኒ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ፣ "አምስት ሚሊ ማለት እኮ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፣ እማማ" አለችኝ፤ እኔን ግን የተቃጠለ ስኳር የሚመስለው ሽታው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር ወደነበረው ቤታችን ይዞኝ ሄደ።

በዚያ ቤት፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሁለት ማንኪያ ነበረን። ትልቁ የምንለው ገንፎ የሚገነፋበት እንጨት ነው፤ ትንሹ ደግሞ ባቡር ላይ ይሠራ የነበረው አባቴ ከየት እንዳገኘው ሳይጠየቅ ያመጣው፣ ጎድጓዳ፣ የሚያብረቀርቅ የሾርባ ማንኪያ። ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ለኢድ ተውሳው ሦስት ሳምንት ስታቆየው፣ እናቴ "ማንኪያዬ መካ ደርሶ ተመለሰ ወይ?" ትላት ነበር። ከዚያ ያነሰ ማንኪያ በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ሻያችን ከነስኳሩ ፈልቶ ነው የሚቀዳው፣ ምኑን እናማስለዋለን?

ወንድሜን ታዴን ትክትክ የያዘው ገና ዳዴ ሲል ነው። ሲያስል ፊቱ ይጠቁር ነበር። እናቴ አማርኛ ብዙም ስለማትሰማ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፣ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ክሊኒክ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ሰጠንና "ጠዋትና ማታ፣ በትንሹ ማንኪያ አንድ። ትንሹ ማንኪያ አላችሁ አይደል?" ሲለኝ፣ እናቴን እንኳ ሳላማክር ደረቴን ነፍቼ "አለን እንጂ፣ አቦ!" አልኩት። ሳቀ።

እናቴ ጭንቅላቱን ይዛ፣ ጢም አድርጌ ሞልቼ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ሳሉ ቆመ። ስንት ቀን ዓይኑን ያልከደነ ልጅ ተኛ፤ እናቴም "እሰይ፣ ተኛልኝ" ብላ ዝንብ እንዳይቀሰቅሰው በነጠላዋ ሸፍና ጎረቤቱን ሁሉ ዝም አሰኘች። ማታ በግድ አፉን ከፍተን ደገምንለት። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ቆርቆሮው በሙቀት መንጣጣት ሲጀምር፣ የጠዋቱን ሞልቼ ይዤ ልቀሰቅሰው ነካሁት። በዚያ ሙቀት ቀዝቅዟል። ሰው ሁሉ ትክትክ ገደለው አለ፤ እኔም አልኩ።

ካደግኩ በኋላ ከዚራ ሰፈር አንድ የባቡር ሹም ቤት ተቀጥሬ ዕቃ ሳጥብ፣ ጣቴን የምታህል ማንኪያ አገኘሁና የልጅ መጫወቻ መስላኝ ስስቅ፣ እመቤቲቱ "የሻይ ማንኪያ ናት፣ አንቺ! ትንሹ ማንኪያ" አለችኝ። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። እሷ ወጣ ስትል በትንሿ ውኃ እየቀዳሁ የሾርባውን ሞላሁት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ትምህርት ቤት ያልገባሁት ሴትዮ ያን ቀን ሂሳብ ተማርኩ።

እናቴ ካረጀች በኋላ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥን ሳለ፣ ድንገት "ያ ድሬሰር በየትኛው ስጡት ነበር ያለሽ?" አለችኝ።

"በትንሹ።"

"የሰጠነውስ?"

"በትንሹ ነዋ፣ እማዬ።"

"እንግዲያ የእግዜር ነው" ብላ በረጅሙ ተነፈሰች፤ እስክትሞትም ደግማ አልጠየቀችኝ። ታዴ ቢያድግ ኖሮ ዛሬ ከእኔ ጋር ድድ ለድድ እየተያየን የምንስቅ ሽማግሌ ነበር። እናቴን ግን የዋሸኋት ለእሷ አዝኜ ይሁን ለራሴ ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ ለክቼ አልደረስኩበትም።