አናናሱን ማን በላው?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከቦንጋ በላስቲክ የታሸገ የደረቀ አናናስ ይዛልኝ መጣች። ከፍታ አየችና "እማዬ፣ ይሄ ብቻ ነው እንዴ?" አለች። ሳቄ መጣ። የእሷ እኩያ ሳለሁ ይህ ጥያቄ ከትምህርት ቤት ሊያስቀረኝ ነበር።

ያኔ ከወላጆቼ አገር ከቢታ ገነት መጥቼ፣ ቦንጋ የአባቴ እህት እትዬ አየለች ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። እትዬ ገበያ ላይ ፍራፍሬ ይሸጣሉ፤ ያልተሸጠው ሲበሰብስ ማየት ያንገበግባቸዋል። ከግብርና የመጣ ባለሙያ ለሰፈሩ ሴቶች የፀሐይ ማድረቂያ ሳጥን ሲያሳይ አዩና፣ ከጣውላና ከላስቲክ ለራሳቸው አሠሩ። ፍሬው ምን ያህል እንደሚቀንስ የነገራቸው ግን የለም።

በጋ ነበር፤ ሰማዩም ጠርቷል። ቦንጋ ሰማዩ እንዲያ የሚጠራበት ጊዜ ብዙ አይደለም። እትዬ ቅርጫት ሙሉ አናናስ ልጠው፣ ቆርጠው፣ ሳጥኑ ውስጥ ባለው ወንፊት ላይ ደረደሩና እንድጠብቅ አደራ ብለውኝ ለሁለት ቀን ለለቅሶ ወደ ዋጫ ከተማ ሄዱ። ሲመለሱ የቆያቸው አንድ ሳህን የማይሞላ፣ ጠርዙ የተጨማደደ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነገር ነበር።

"ሌላውስ?"

"ደርቆ ነው እትዬ።"

"ቡናም ይደርቃል ልጄ። እንዲህ ጠፍቶ አያውቅም!"

እውነት ለመናገር ክርክራቸው የሚናቅ አልነበረም። ቡና ሲደርቅ ፍሬው ይቀራል፤ አናናስ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ይህን ማስረዳት አቅቶኝ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬ ይበልጥ ጥፋተኛ አስመሰለኝ። እጄን ይዘው አሸተቱ። አናናስ አናናስ ይላል፤ ሁለት ቀን ሳገላብጠው ከርሜ ሌላ ምን ሊሸት?

"ሌባ አላሳድግም። እሁድ ወደ ቢታ አሳፍርሻለሁ።"

ሌባ ተብዬ ከተመለስኩ አባቴ ዳግመኛ የትም እንደማይልከኝ አውቃለሁ። ትምህርቴ እዚያው ማብቃቱ ነው።

"እንግዲያው አንዴ እርስዎ ራስዎ ይጠብቁት" አልኳቸው። ያን ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ጠበቁት። ሌላ አናናስ ቆርጠው፣ ገበያቸውን ትተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ሳጥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ዋሉ። ሲመሽ ወንፊቱን መኝታ ቤታቸው አስገብተው ቆለፉበት። በማግስቱም እንደዚሁ። ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ከፍተው አዩት፤ ያው አንድ ሳህን የማይሞላ ነው። ወንፊቱን በሁለት እጃቸው አነሱ፤ አስቀመጡ፤ እንደገና አነሱ።

"ፀሐይዋ ናት ለካ" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "ዩኒፎርምሽን እጠቢ። ሰኞ ትምህርት አለ።"

ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እስኪሞቱም ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ብዙ ዓመት ተቀይሜያቸው ኖሬያለሁ። አሁን ቅያሜው የለም። ልጄ ያስተረፈችልኝን ቁራጭ አፌ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ግን፣ በሩ ላይ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ።