ለገና ሳጥን የታሰረ ማተብ

ልጅ ሆኜ ከማውቃቸው ሽታዎች አንዱ ዛሬም ድንገት ያገኘኛል። የሽቶ ሳሙና፣ አዲስ ላስቲክና ከረሜላ አንድ ካርቶን ውስጥ ተዘግተው ከርመው ሲከፈቱ የሚወጣው ሽታ ነው። ባለፈው ገና ወልድያ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ አንዲት ሕፃን ባለቀለም ሳጥኗን ታቅፋ በጎኔ ስታልፍ ያው ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ልጅቱ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኗል፣ እናቷ ከኋላ ከኋላ እየሄደች በስልኳ ትቀርጻታለች። እኔ እንኳን ደስ አለሽ ማለት አቅቶኝ ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። ክፉ ሆኜ አይደለም። መርሳ ከተማ አብራኝ ያደገችው ሉባባ ድቅን ብላብኝ ነው።

እኛ መርሳ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አባቴ መንገድ ዳር ጎማ ይለጥፍ ነበር። ከግድግዳችን ወዲያ መዲና የምትባል፣ ለሹፌሮች ሻይ የምትሸጥ ሴት ትኖራለች። ሉባባ የመዲና የወንድሟ ልጅ ናት። አባቷ አያ ይማም ግራና ከምትባል የገጠር ከተማ ወዲያ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን አምጥተው እህታቸው ዘንድ ያስቀመጧት ለትምህርት ብለው ነው። እኛ አገር የክርስቲያንና የእስላም ልጅ አብሮ ነው የሚያድገው። በኢድ እነሱ ቤት፣ በፋሲካ እኛ ቤት ስንሯሯጥ ውለን፣ ሥጋው ላይ ብቻ ነው የምንለያየው። እኔና ሉባባም አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ነበርን።

አያ ይማም ልጃቸውን ትተው የሄዱ ቀን ለመዲና ያሏትን ግቢው ሁሉ ሰምቷል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። «ትማር። ዲኗን ካስነካሻት ግን በዚያው ቀን መጥቼ እወስዳታለሁ» አሏት። እዚያ ቀዬ ለልጁ የጠየቃት ሰው እንዳለ፣ እሳቸውም እሺም እምቢም ሳይሉ እንዳቆዩት እናውቃለን። ሉባባም አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ ትምህርት ለእኛ የሚሰለች ነገር ሲሆን ለእሷ ግራና ከመመለስ የሚያድናት እሱ ብቻ ነበር። እኛ አቧራው ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስንዘል እሷ በረንዳው ላይ እግሯን አጥፋ ትጽፋለች። አምስተኛ ክፍል ስንደርስ አንደኝነቱን ማንም ሊነካባት አልቻለም፤ ማካፈልን ያስረዳችኝ አስተማሪው ሳይሆን እሷ ናት።

በዚያ ዓመት ነው ጴንጤዎቹ ከውጭ አገር በሳጥን የተላከ የገና ስጦታ ሊያድሉ ነው የተባለው። ቤተ ክርስቲያናቸው የምንለው ያኔ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፣ ሰዉ የማይረግጠው። ሳጥን ሊመጣ ነው ከተባለ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ጫማ በሩ ላይ እየተከመረ መግቢያ ጠፋ። ወንጌላዊው ወጣት፣ ፊቱ የማይጠቁር ልጅ ነበር። መዝሙር ያስጠናል፣ ታሪክ ይነግራል፣ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ስንጠይቀው ግን ይስቃል። እሱ ሲስቅ ወሬው ባሰ። ቦርሳ አለበት ተባለ፣ የማያልቅ እስክሪብቶ አለበት ተባለ፣ ሲሪንቃ ከተማ ላይ ለአንዱ ልጅ ብስክሌት ወጥቶለታል ተባለ። የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን ውስጥ ብስክሌት እንዴት ይገባል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሉባባ የፈለገችው እስክሪብቶውን ነው። የእሷ ቀለሙ እየደረቀ ባፏ እያሞቀች ነበር የምትጽፍበት።

እናቶቻችን አልከለከሉንም፤ ነፃ ነገር ማን ይጠላል። ግን አስጠነቀቁን። ጴንጤዎቹ ማተብ ይበጥሳሉ የሚል ወሬ ነበር፤ ሲበጥሱ ያየ ሰው ባይገኝም። እናቴ ማተቤን ወደ ጀርባዬ አዙራ ከልብሴ ስር ከተተችና ላዩ ላይ ኮሌታዬን ቆለፈችው። የሰፈሩ ክርስቲያን ልጅ ሁሉ እንዲሁ አንገቱን ሸፍኖ ሄደ።

ሉባባ ይህን አላወቀችም። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ክርስቲያን ማለት አንገቱ ላይ ክር ያለው ሰው ነው። ያለ ክር ከሄድኩ ከበር ይመልሱኛል ብላ ለብቻዋ አሰበች። ለማን ትንገር፣ ለእኔም አልነገረችኝ። ከመዲና የመስፊያ ክር ጥቁሩን ወስዳ፣ ገምዳ፣ እንደ እኛ አድርጋ አሰረችው። ሻሿን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የዕደላው ቀን አዳራሹ በር ላይ ሳገኛት አንገቷ ላይ ያ ክር ጉብ ብሏል። ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን እንዳልስቅ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

የገና ስጦታ የተባለው የደረሰው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ሙቀቱ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ አግሎት፣ ልጅ ከልጅ ተጣብቆ፣ አዳራሹ በላብ ታጥቧል። ፎቶ እንዲያነሳ የተጠራው ሰይፉ ነበር፤ መርሳ ላይ ያኔ ሌላ ፎቶ ቤት የለም። ለላኩት ሰዎች የሚላክ ፎቶ ነው ተብሎ ሳጥናችንን ደረታችን ላይ ይዘን እንድንሰለፍ ተደረገ። ሰይፉ አጭሮቹን ወደ ፊት አመጣ፣ ከአጭሮቹም መልኳ ያማረውን መሀል አቆመ። ሉባባ ነበረች። ደንግጣ ፊቷን ብታኮማትር ሳቂ አላት። አልስቅ ስትል ሁላችንም ሳቂ ሳቂ እያልን ጮኽንባት። በመጨረሻ ሳቀች። ያ ሁሉ ክርስቲያን ልጅ ማተቡን ደብቆ፣ በፎቶው ላይ ማተብ የሚታየው በአንዲት እስላም ልጅ አንገት ላይ ብቻ ሆነ።

ሳጥኑን ግቢ ገብተን ከፈትነው። ለሉባባ የደረሳት የበረዶ አገር ሰው የሚያጠልቀው የሱፍ የእጅ ሹራብ፣ እንደዚያው ያለ ቆብ፣ የሚለጠጥ ላስቲክ እንቁራሪትና አንድ ሳሙና ነው። የእጅ ሹራቡ ጣት የለውም፤ ምን እንደሆነ ሳናውቅ የሕፃን ካልሲ ነው ብለን ተስማማን። መርሳ ላይ፣ በዚያ ሙቀት! እስክሪብቶ የሚባል የለበትም። ለእኔ እንኳ ሁለት እርሳስ ወጥቶልኛል። የእኔን ከረሜላ ወተት ይኖረዋል ብላ እናቴ እስከ ፋሲካ ቆለፈችበት። ሉባባ ሳጥኗን እንደገና ገልብጣ ታችኛውን ካርቶን በጥፍሯ ቧጠጠችው፣ የቀረ ነገር ካለ ብላ። የለም። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

መዲና ከሻይዋ ስትመለስ ክሩን አየችና ክው አለች። ሳትመታት፣ ሳትጮህባት፣ በቢላ ቆርጣ ከእሳቱ ጨመረችው። ያስፈራት ሳጥኑ አይደለም፤ ሳጥን የወሰደ የእስላም ልጅ ሞልቷል፣ አባቶቻቸውም ሰምተው ዝም ብለዋል። ክሩ ግን ሌላ ነው። ማንም እንዳይሰማ ብላ ሁላችንንም አስማለችን፣ እኛም ምላሳችንን ያዝን። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር።

ሰይፉ አንድ ልማድ ነበረው። ያማረ ፎቶ ሲያነሳ አሳድጎ መንገድ ዳር ባለው መስታወቱ ላይ ይሰቅላል። ሙሽራም፣ ወታደርም፣ የምርቃት ልብስ የለበሰም እዚያ ላይ ታይቶ ያልኮራ መርሳ ውስጥ የለም፤ እንዲሰቀልለት የሚለምነው ብዙ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ የእኛን ፎቶ አየነው። ሌሎቹ እየተጋፉ ራሳቸውን ሲፈልጉ ሉባባ እጄን ጨምድዳ ይዛ ቀረች። ተያይዘን ገባን። «ጋሼ፣ ያውርዱልኝ» አለችው፣ ምክንያቱን ለመናገር ግን ፈራች። ከተናገረች ወሬው በእሱ በኩል ለአባቷ ይደርሳል። እሱ ግን አፍራ ነው ብሎ ሳቀ። ደግ ሰው ነው፣ ሊያስደስታት ፈለገ። በማግስቱ ስናይ ሌሎቻችንን ቆርጦ፣ እሷን ብቻ ከነሳቋ፣ ከነሳጥኗ፣ ከነክሯ አሳድጎ መሀል ላይ ሰቅሏታል።

መዲና ስትሰማ ነጠላዋን እንኳ ሳትይዝ ሮጠች። ሰይፉ ፊልም ሊገዛ ወልድያ ሄዷል፣ ፎቶ ቤቱ ተቆልፏል። የማግስቱ ቀን ገበያ ነው።

አያ ይማም ሽንኩርታቸውን ጭነው የሚመጡት በዚያው መንገድ ነው። መስታወቱ ፊት አህያቸውን ይዘው ብዙ ቆመው ነበር ብለው ያዩ ነገሩን። ግቢ ሲገቡ አልጮኹም፤ ያ ትልቅ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ተቀምጡ ሲባሉ አልተቀመጡም። «ሳጥኑስ ይሁን፣ ልጅ ናት፤ አንገቷን ማን አሰራት?» አሉ። ሉባባ መሬት መሬት እያየች እኔ ነኝ አባ አለች፤ ያለሱ የማያስገቡ መስሎኝ ነው አለች። መዲና ተንበረከከች። ጴንጤዎቹ አስገድደዋት እንጂ ልጅቱ ምን ታውቃለች እያለች በአላህ ለመነቻቸው። በዚያች ሰዓት ነገሩ ወደዚያ እየሄደላት ነበር። አያ ይማም ከልጃቸው ይልቅ በጴንጤዎቹ ሊቆጡ፣ ልጃቸውንም ሊምሯት ነበር፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

እናቴ ናት የገባችበት። ሉባባን እንደ እኔ ነበር የምትወዳት። ጠብ እንዳይነሳ፣ ሰው እንዳይጣላ ብላ፣ እውነቱን ተናገረች። «አያ ይማም፣ ይስሙኝ። እነሱ ዘንድ ማተብ የሚባል ነገር የለም፤ የኛዎቹ ልጆች እንኳ ደብቀው ነው የገቡት። ማንም እሰሪ አላላትም፣ በማርያም» አለቻቸው። አያ ይማም ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እንግዲያ ማንም ሳያዛት፣ በገዛ ፈቃዷ ነው» አሉ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ቀን እያነሳች ምነው ምላሴን በቆረጠው ትል ነበር።

ሉባባ ደብተሮቿን ልትይዝ ስትጎነበስ አባቷ ተይው አሏት። ትታው ተከትላቸው ወጣች። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ቅርብ ነበር፣ አስተማሪያችን የት ሄደች ሲል ግራና አልነው፣ ይሁን ብሎ ማስተማሩን ቀጠለ። ወንጌላዊው ሰምቶ መዲና ዘንድ መጥቶ አለቀሰ፤ ልቅሶው ለማን ይበጃል። የሳጥኗን ዕቃ የግቢው ልጆች በአንድ ከሰዓት ተቀራመቱት። ያን ክረምት ሉባባ ተዳረች አሉ። ሰይፉ ነገሩ ሲገባው ፎቶውን በገዛ እጁ ቀደደው። የላኩት ሰዎች ዘንድ የደረሰው ግን መቼም አልተቀደደም። ፈገግታዋን አይተው ደስ ብሏቸዋል ብዬ አስባለሁ፤ አስቤም እናደዳለሁ።

ዘመኑ አልፎ እኔ አስተማሪ ሆንኩ። የዛሬ ልጆች ቅዳሜ ስልክ ላይ ነው የሚውሉት፣ እስክሪብቶ ወድቆ ቢያዩ ጎንበስ አይሉም፤ የእኛ ዘመን ሰው ይህን ሲያይ ድሮ ቀረ ይላል። እኔም የመርሳን አቧራ፣ የበረንዳውን ጥናት፣ ያንን ወንበራችንን ስናፍቅ አመሻለሁ። ድሮ ቀረ ለማለት ግን አፌ አይደፍርም።

ዘንድሮ ወልድያ ተማሪ ስመዘግብ፣ አንዲት ፊቷ በፀሐይ የከሰለ ሴት ልጇን ይዛ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ሉባባ ናት። አወቀችኝ፣ አወቅኋትም፤ ተነስቼ ሳምኳት። ሽንኩርት እያመጣች ወልድያ ትሸጣለች። እኔ አንቺ ስላት እሷ አንቱ እያለች ነው የምታወራኝ፣ ተይ ብላት እሺ መምህርት አለችኝ። ፈርሚ ብዬ እስክሪብቶ ስሰጣት እጇን ሰበሰበች። «እስክሪብቶ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ፤ ቀለሙን ያምጡልኝ» አለችና አውራ ጣቷን ቀብታ ተጫነች።

ልጇ ጣቷንም ወረቀቱንም አየች። እናቷን ቀና ብላ እያየች አንቺ መጻፍ አትችዪም እንዴ አለቻት። ሉባባ የልጇን ራስ እየዳበሰች «እኔ አልተማርኩም፤ አንቺ ትማሪያለሽ» አለቻት። አንድ ወንበር ላይ አብሬያት የተማርኩት እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነው እንዲህ ያለቻት፤ እኔም ሳላርማት የልጅቱን ስም መዘገብኩ።